የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ኦሪት መሥዋዕትና ስለ ቁጥሮቹ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ኦሪት መሥዋዕትና በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግመው ስለሚመጡት ቁጥሮች የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። እንደ ልማዳችን የጠያቂዎቹን ስም አናወጣም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ ለመምህር። ባለቤቴ ለፋሲካ በግ ሲያርድ ሥጋውን ተቀብዬ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በዐቢይ ጾም ኦሪት ዘሌዋውያንን ማንበብ ጀምሬ ምዕራፍ 3 ላይ ስደርስ እጄ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ አገኘሁት፤ ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስብ አለ፣ ኩላሊት አለ፣ ላት አለ። እግዚአብሔር እነዚህ እንዲቃጠሉለት ያዘዘው ለምንድን ነው? በነቢዩ በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ የመሥዋዕታችሁ ብዛት ምን ያደርግልኛል ይላል። ሁለቱ ቃላት እንዴት ይታረቃሉ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዘሌዋውያንን እጅዎ ከሚያውቀው ነገር ተነሥተው ማንበብዎ ተገቢ ነው፤ ሕጉ የተነገረው በግና ፍየል ለሚያረቡ፣ አርደውም ለሚበሉ ሰዎች ነበርና። ይህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚከብደን ሥጋውንና ዱቄቱን ረስተን በቀጥታ ወደ ምሥጢሩ ስለምንቸኩል ነው።

አስቀድመን «ቁርባን» የሚለውን ቃል እንመልከት። በዘሌዋውያን መጀመሪያ ላይ ያለው የዕብራይስጥ ቃል «ቆርባን» ነው፤ ሥሩም እኛ «ቀረበ» ከምንለው ግስ ጋር አንድ ነው። ዕብራይስጥና ግእዝ የአንድ ቤተ ሰብ ልሳናት በመሆናቸው ሌላ አገር ያለ አንባቢ በማስታወሻ ካልተነገረው የማያገኘውን ነገር የእኛ አንባቢ ከአፉ ያገኘዋል፤ ቁርባን የሚቀርብ ስጦታ ነው፣ ሰውንም ወደ አምላኩ የሚያቀርብ ነው። በምዕራፍ 2 የእህል ቁርባን ሲመጣ ካህኑ ከዘይትና ከዕጣኑ ጋር አንድ እፍኝ ዱቄት ዘግኖ በመሠዊያው ላይ ያቃጥላል፤ ያ እፍኝ በዕብራይስጡ «አዝካራ» ይባላል፣ መታሰቢያ ማለት ነው። ዝክር የሚዘክርና ተዝካር የሚያወጣ የጎንደር ሰው ያንኑ ሥር ዕለት ዕለት ይናገረዋል።

መሥዋዕቶቹ በመጽሐፉ አምስት ዓይነት ናቸው። የሚቃጠለው መሥዋዕት፣ በዕብራይስጡ «ዖላ»፣ «የሚወጣ» ማለት ሲሆን ለካህኑ ከሚሰጠው ቆዳ በቀር ሁሉም በእሳት ይወጣል። የእህሉ ቁርባን ያለ እርሾና ያለ ማር፣ ጨው ተጨምሮበት ይቀርባል። የኃጢአትና የበደል መሥዋዕቶችን ወደ ኋላ እናነሣቸዋለን። እርስዎ ያነበቡት ግን የደኅንነት መሥዋዕት የሚባለው ነው፤ ዕብራይስጡ «ሸላሚም» ይለዋል፣ «ሰላም» ከሚለው ቃል ጋርም አንድ ሥር አለው።

በዚህ መሥዋዕት ባለ በጉ ራሱ እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ይጭናል፤ የሚያርደውም ራሱ ነው። ካህኑ ደሙን ተቀብሎ በመሠዊያው ዙሪያ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ማዕዱ ለሦስት ይከፈላል። ሞራው፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ከነስባቸው፣ የጉበቱ መረብ፣ በግ ከሆነም ላቱ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ተቆርጦ፣ ወደ እሳቱ ይሄዳሉ። ፍርምባውና ቀኝ ወርቹ ለካህናቱ ይሰጣሉ። የቀረው ሥጋ ሁሉ የባለቤቱና የቤተ ሰቡ ነው። መሥዋዕቱ የምስጋና ከሆነ በዚያው ቀን መበላት አለበት፤ የስእለት ወይም የፈቃድ ከሆነ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ እስከ ሦስተኛው ቀን የተረፈው ይቃጠላል። ሥጋ ማቆየትና ቋንጣ ማድረግ የሚችል ሰው እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ያውቃሉ፤ ጎረቤቱን ይጠራል። እኔ እንደማነበው የዚህ ሕግ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር፣ ካህኑ፣ ባለ በጉና የተጠራው ሁሉ ከአንድ እንስሳ ይካፈላሉ።

ስቡ ለምን ተመረጠ ላሉት፣ በዕብራይስጥ ስብ ማለት የነገር ምርጥ ማለትም ነው። በዘፍጥረት 45 ፈርዖን የዮሴፍን ወንድሞች የምድሪቱን ስብ ትበላላችሁ ያላቸው በዚሁ አነጋገር ነው። በእኛም አገር ጮማው ለማን እንደሚቀርብ የተጋበዘ ሁሉ ያውቃል። ደሙን በተመለከተ ዘሌዋውያን 17፥11 ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል፤ የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ስለሆነ ደም አይበላም፣ ወደ መሠዊያው ይመለሳል። ሰው ሥጋውን ሊበላ ተፈቀደለት፤ ሕይወቱ ግን የሰጪው ነው።

አሁን ወደ ኢሳይያስ እንምጣ። እግዚአብሔር ርቦት እንዳልሆነ በመዝሙር 49፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 50፣ በግልጽ ተነግሯል፤ ብራብ ለአንተ አልነግርህም ይላል። ኢሳይያስም መሥዋዕታቸውን የነቀፈበትን ምክንያት ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ ይገልጠዋል፤ እጆቻችሁ ደም ተሞልተዋል፣ ለድሀ አደጉ ፍረዱለት፣ ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ ይላቸዋል። ይህ ከኦሪቱ ጋር የሚጋጭ ቃል አይደለም፤ ኦሪቱ ራሱ ያለው ነው። በዘሌዋውያን 6 መጀመሪያ ላይ ባልንጀራውን ያታለለ ወይም የቀማ ሰው የበደል መሥዋዕት ሲያመጣ አስቀድሞ የወሰደውን ሙሉውን መመለስ፣ አምስተኛ እጅም መጨመር ይገባዋል፤ አውራው በግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሰው ገንዘብ በእጁ ይዞ በግ የሚጎትት ሰው ወደ ማንም አልቀረበም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በምዕራፍ 1 በሬ ያቀረበው፣ በግ ያቀረበውና ርግብ ያቀረበው ሦስቱም የተነገረላቸው ቃል አንድ ነው፤ ለእግዚአብሔር መልካም ሽታ ነው ይላል። ርግብም የሌለው ድሀ በምዕራፍ 5 መሠረት የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ እጅ፣ ሁለት ሊትር ያህል ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ ዘይትና ዕጣንም አይጠየቅም። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ወለቃ አጠገብ ነው። ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን የፋሲካቸውን በግ ሲያርዱ በልጅነቴ አይ ነበር። ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ያርዳሉ? የሌላው ዓለም አይሁድስ ለምን አቆሙ? (ከጎንደር ከተማ፣ አንድ አዛውንት)

መልስ፦ አባታችን፣ ያዩት ነገር ብዙዎች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ነው። በኦሪት ዘዳግም 12 መሥዋዕት እግዚአብሔር በሚመርጠው በአንድ ስፍራ ብቻ እንዲቀርብ ታዝዟል፤ ያም ስፍራ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሆነ። ቤተ መቅደሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን በፈረሰ ጊዜ አይሁድ መሥዋዕታቸውን አቁመው ጸሎትንና የሕግ ጥናትን በስፍራው ተኩ። ቤተ እስራኤል ከዚያ ትምህርት ርቀው፣ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ ስለኖሩ፣ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ማታ በጸሎት ቤታቸው ግቢ በጉን ማረድ ቀጠሉ፤ ቂጣውንም ይበሉ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ጋር ወደ እስራኤል ሲሄዱ የአገሩን ሥርዓት ተከትለው እርዱን ተዉ። ዛሬ የፋሲካን በግ በየዓመቱ በአደባባይ የሚያርዱት በናብሉስ አጠገብ በገሪዛን ተራራ ያሉት ሳምራውያን ናቸው። ስግድን ግን ቤተ እስራኤል አልተዉትም፤ ከማስተስረያ ቀን በኋላ 50 ቀን ተቆጥሮ ይከበራል፣ በእስራኤልም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። የ50ን ነገር በሚቀጥለው መልስ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በስልኬ የማያቸው አንዳንድ ትምህርቶች የዕብራይስጥ ፊደላትን እንደ አኃዝ እየደመሩ የሚመጣውን ዘመን ቀን ቆርጠው ይናገራሉ። 7፣ 40፣ 12 የሚባሉት ቁጥሮች በእርግጥ ምን ያመለክታሉ? የጎንደር አርባ አራቱ ታቦትስ ከኦሪት የተወሰደ ቁጥር ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በጎንደር የትርጓሜ ቤት ያለ ተማሪ መጀመሪያ ንባቡን ይፈታል፤ «አንድም» እያለ የሚጨምረው ምሥጢራዊ ትርጓሜ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቁጥርም በዚሁ ሥርዓት ሊያዝ ይገባዋል። አስቀድሞ የሚጠየቀው ቁጥሩ በተጻፈበት ስፍራ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው።

ለምሳሌ በዘፍጥረት 6 ኖኅ ከእንስሳቱ ሁሉ ሁለት ሁለት እንዲያስገባ ታዘዘ፤ በምዕራፍ 7 ግን ከንጹሓኑ ሰባት ሰባት ተባለ። ይህን ያነበበ ሁሉ ወዲያው የሰባትን ምሥጢር ይፈልጋል። ምዕራፍ 8 ቁጥር 20 ግን ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ ከንጹሕ እንስሳና ከንጹሕ ወፍ ሁሉ መሥዋዕት እንዳቀረበ ይናገራል። ከየዓይነቱ ሁለት ብቻ ቢኖሩት ኖሮ አንዱን በሠዋ ጊዜ ዘሩ በጠፋ ነበር። ትርፉ አስቀድሞ የታሰበው ለመሠዊያው ነው።

ሰባት በኦሪት የተፈጸመ ጊዜ ነው። ሰንበት በሰባተኛው ቀን ይውላል፤ በሰባተኛው ዓመት ምድሪቱ ታርፋለች፤ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ሲፈጸም 50ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይሆናል፣ ያን ጊዜ በችግር የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ራሱን የሸጠውም ወገን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ርስቱ የተወሰደበት ሰው ልቡ ምን እንደሚል ለሚያውቅ ለጎንደር ገበሬ ይህ የሒሳብ ነገር ብቻ አይደለም። በሰባት ሳምንት ላይ አንድ ቀን ተጨምሮ የሚመጣው የመከር በዓልም እንዲሁ 50ኛ ቀን ነው። እንስሳ እንኳ ሲወለድ ሰባት ቀን ከእናቱ ጋር ይቆያል፤ ለመሥዋዕት የሚበቃው ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ወንድ ልጅ የሚገረዝበትም ቀን ያው ስምንተኛው ነው።

በዕብራይስጥ ሰባት «ሼባዕ» ነው፤ መማል የሚለው ግስም ከዚሁ ሥር ይወጣል። በዘፍጥረት 21 አብርሃም ከአቤሜሌክ ጋር ስለ ጉድጓዱ ሲማማል ሰባት ቄቦች በጎች ለይቶ ያቆማል፤ ስፍራውም ቤርሳቤህ ተባለ፣ የሰባት ጉድጓድ ወይም የመሐላ ጉድጓድ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሊቀ ካህናቱ በማስተስረያ ቀን በስርየት መክደኛው ፊት ደሙን በጣቱ ሰባት ጊዜ ሲረጭ የምናነበው ምሕረት መለመንን ብቻ አይደለም፤ የኪዳንም መታደስ ነው። እኛም ሱባኤ ያዝሁ ስንል ሰባትን እየጠራን ነው።

በቁጥር ከተጻፉት ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በኦሪት ዘኍልቍ 29 ያለው የዳስ በዓል ዝርዝር ነው። ብዙ አንባቢ ይዘልለዋል። በመጀመሪያው ቀን 13 ወይፈኖች ይቀርባሉ፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 11፣ እንዲህ በየቀኑ አንድ እየቀነሰ በሰባተኛው ቀን 7 ይሆናሉ። መጽሐፉ ድምሩን የትም አይናገርም። አንድ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስንደምረው 70 ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዘፍጥረት 10 ከኖኅ ልጆች የወጡት ሕዝቦች በዕብራይስጡ ንባብ ሲቆጠሩ 70 ናቸውና። የአይሁድ ሊቃውንትም በታልሙድ እንዲሁ ተርጉመውታል፤ ሰባው ወይፈኖች ስለ ሰባው የዓለም ሕዝቦች ናቸው ብለዋል። በስምንተኛው ቀን ደግሞ አንድ ወይፈን ብቻ ይቀርባል፤ ይህም ስለ እስራኤል ብቻ እንደሆነ ይናገራሉ። ጠላቶቹ የከበቡት ትንሽ ሕዝብ በበዓሉ መካከል ስለ አሕዛብ ሁሉ ሰባ ወይፈን ማቅረቡን ያሰበ ሰው፣ ምሥጢር ፍለጋ ፊደል መደመር አያስፈልገውም።

አርባ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለ ጊዜ ነው። ዝናቡ 40 ቀን ወረደ፤ ሙሴ እህል ሳይቀምስ 40 ቀን በተራራው ቆየ፤ ኤልያስ 40 ቀን ወደ ኮሬብ ሄደ፤ ሰላዮቹ ምድሪቱን በዞሩበት በ40 ቀን ልክ ሕዝቡ 40 ዓመት በምድረ በዳ ዞረ። ይሁንና ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ስፍራም አለ። በትንቢተ ዮናስ የዕብራይስጡ ንባብ ነነዌ በ40 ቀን ትገለበጣለች ሲል የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በ3 ቀን ይላል፤ እኛም ጾመ ነነዌን 3 ቀን እንጾማለን። በአንዱ ንባብ ብቻ ተመሥርቶ የዓለምን ፍጻሜ የሚያሰላ ሰው ሁለተኛውን ንባብ ሲገልጥ ስሌቱ ይፈርስበታል።

አሥራ ሁለት የነገዶቹ ቁጥር ነው፤ በሊቀ ካህናቱ ደረት ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ በየሰንበቱ የሚዘረጉት የገጹ ኅብስቶችና ኤልያስ መሠዊያውን ያደሰባቸው ድንጋዮች ሁሉ ይህንኑ ያስታውሳሉ።

ፊደልን እንደ አኃዝ መቁጠር በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ የትርጓሜ ስልት ነው። አብርሃም ሎጥን ለማስመለስ ይዟቸው የወጣው ሰዎች 318 ናቸው፤ የሎሌው የኤሊዔዘር ስምም አሌፍ 1፣ ላሜድ 30፣ ዮድ 10፣ ዓይን 70፣ ዛይን 7፣ ሬስ 200 ሆኖ ሲደመር 318 ይሆናል። ስለዚህ አብርሃም የዘመተው ከኤሊዔዘር ጋር ብቻ ነበር ያሉ አሉ። የቤተ ክርስቲያን አበው ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡትን ሠለስቱ ምዕት፣ 318ቱን ሊቃውንት፣ በዚሁ ቁጥር ይመስሏቸዋል። ሁለቱም ለሚያምነው ትምህርት ጌጥ ናቸው እንጂ ማስረጃ ሆነው አልቀረቡም። በዕብራይስጥ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥሮች በሙሉ በቃል ተጽፈዋል፤ «ሰባት»፣ «አርባ» ይላል እንጂ በፊደል አኃዝ አይጽፍም። በፊደል ድምር ቀን ቆርጦ ሕዝብን ማስፈራራት ከኦሪቱም ከትርጓሜ ቤቱም ወግ ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ሰምተው የተጨነቁ ወጣቶች ደጋግመው ይጽፉልናል፤ ስለዚህ በግልጽ እናገራለሁ፤ አይስሙት።

አርባ አራቱን በተመለከተ፣ 44 በኦሪት እንደ ምሳሌ የቆመ ቁጥር አይደለም። የጎንደር አድባራት መጠሪያ ነው፤ ክብሩም ከከተማዋ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ከወለድሁ 60 ቀን ሆነኝ፤ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ስለነበረ በ40 ቀኑ ነበር። አማቴ «የሴት እጥፍ የሚሆነው ርኩሰቷ እጥፍ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ልቤ አዝኗል። ኦሪት እንዲህ ይላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት። ኦሪት እንዲህ አይልም።

ሕጉ ያለው በዘሌዋውያን 12 ነው። ወንድ ለወለደች 7 ቀንና 33 ቀን፣ በድምሩ 40፤ ሴት ለወለደች 14 ቀንና 66 ቀን፣ በድምሩ 80 ይላል። የመንጻቱ ቀን የሚቆጠረው በእናቲቱ ላይ ነው፤ ስለ ሕፃኗ ርኩሰት አንድም ቃል አልተጻፈም። እናቲቱ በመጨረሻ የምታመጣው የኃጢአት መሥዋዕት መባሉ ብዙዎችን ያሳስታል፤ በዕብራይስጡ «ሐጣት» የተባለው መሥዋዕት ግን የመንጻትም መሥዋዕት ነው። መሠዊያው ራሱ ሲቀደስ ይቀርብለታል፤ ስእለቱን በደኅና የፈጸመ ናዝራዊም ያቀርበዋል። መሠዊያ ኃጢአት አይሠራም። መውለድም ኃጢአት አይደለም፤ ደምና ሕይወት የተገናኙበት ታላቅ ነገር ስለሆነ ወደ መቅደሱ ለመመለስ ጊዜና ሥርዓት ተሰጥቶታል።

ቁጥሩ ለምን እጥፍ ሆነ የሚለውን ዘሌዋውያን አይናገርም። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን፣ ሙሉ ንባቡ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፋችን፣ በምዕራፍ 3 ምክንያት ያቀርባል፤ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ይላል። የቤተ ክርስቲያናችን የ40ና የ80 ቀን ጥምቀት በዚህ ላይ ቆሟል። እንግዲህ ልጅዎ 80 ቀን የምትጠብቀው ሔዋን ወደ ገነት የገባችበትን ቀን ነው። ቤተ እስራኤልም አርባውንና ሰማንያውን ሲጠብቁ ኖረዋል።

ወጉን አክብረው ከአማትዎ ጋር የዘሌዋውያን 12 ቁጥር 6ን አብረው ያንብቡ። ቀኑ ሲፈጸም «ለወንድ ልጅ ወይም ለሴት ልጅ» ብሎ ሁለቱን በአንድነት ከጠራ በኋላ፣ ለሁለቱም አንድ የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ ያዛል። ጠቦት መግዣ ያጣች እናት በቁጥር 8 ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት ርግቦች ይበቋታል፤ እመቤታችን ለወንድ ልጇ በቤተ መቅደስ ያቀረበችውም ይህንኑ ነው። ቀኖቹ ይለያያሉ፤ በመሠዊያው ፊት የሚቀርበው ጠቦት ግን ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው።